ይቅር ያለህ ድምፅ

ሐዋሳ፣ ታቦር
ጥር 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለበረከት፣

አንተ ልጅ፣ እንዴት ነህ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ጥያቄው ራሱ አሳፈረኝና ተውኩት። ወደዚያ የሚመለሰው ምንያህል ይህን ወረቀት ሲሰጥህ መርዶህን ከሰማህ ሦስተኛ ቀንህ ይሆናል። ፊትህ አብጧል፣ እዚያ ያሉት ያገራችን ልጆች እህል ቅመስ እያሉ ይለምኑሃል። እንዲህ እንዲሆን ያደረግሁት እኔ ነኝ። ማልደው፣ ሰብሰብ ብለው፣ ብቻህን ሳትሆን እንዲነግሩህ፣ ደብዳቤውን ግን ከሠልስቱ በፊት እንዳይሰጥህ ምንያህልን በእመብርሃን አስምዬዋለሁ። ያን ሁሉ መንገድ በኪሱ ይዞት ሲሄድ አንዴም እንዳልከፈተው ተስፋ አደርጋለሁ። ከከፈተውም እሱው ይፈር።

እቴቴ፣ ያቺ አሳዳጊ አያታችን፣ መሞቷን ነግረውሃል። መቼ እንደሞተች ግን አልነገሩህም፤ እሱን ለእኔ ተዉልኝ ብያቸው ነው። እቴቴ ያረፈችው ባለፈው ሰኔ 3 ቀን፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። ስምንት ወር ሊሞላት ነው። አዎ፣ በጣትህ ቁጠረው። ሐምሌ ላይ እያለቀስክ ይቅር በይኝ ያልካት፣ እሷም ይቅር ብዬሃለሁ ያለችህ ቀን፣ ከተቀበረች ስድስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ያናገረችህ እሷ አይደለችም። እኔ ነኝ። በየእሑዱ እስከ ዛሬ ያናገርካት ሁሉ እኔ ነኝ። ተቀመጥ፣ ውሃ ጠጣና ቀጥሎ ያለውን አንብበው።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። ግን አፌን ስከፍት የማን ድምፅ እንደሚወጣ ራሴን አላምነውም፤ አንተም ብትሆን ከእንግዲህ በስልክ የምልህን በምን ታምናለህ? ስለዚህ በእስክሪብቶ ይሁን አልኩ። ጽሑፌን ታውቀዋለህ፣ ዶሮ የጫረው ይመስላል እያልክ ስትስቅበት የኖርከው ነው። እሱን ማንም አያስመስለውም።

ከመጀመሪያው ልንገርህ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ሱቅህ ተዘርፎ፣ በጩቤ ተወግተህ ሆስፒታል ገባህ። እዚህ ደግሞ እቴቴ እህል እምቢ ብላ ተኝታለች። እሷ የአንተን፣ አንተ የእሷን እንዳትሰሙ መሀል ቆሜ ስዋሽ ሰነበትኩ። ስታርፍ የዕድራችን ዳኛ ጋሽ ወንድሙ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው መከሩ። «ልጁ ቁስሉ ሳይሽር መርዶ አይሰማም፤ በሰው አገር ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር ውስጥ ብቻውን ነው፣ አጠገቡ ሆኖ የሚይዘው ሰው የለም» አሉ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፣ እኔም ነቀነቅሁ። ወጋችን ነው። ባሏ አባባ የሞተ ጊዜ አንተ ፈተና ላይ ነበርክና አሥራ አንድ ቀን ደብቀንህ አልነበር?

ድንኳኑ በፈረሰ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ደወልክ። እቴቴን አቅርቢልኝ አልክ። ፀበል ሄዳለች አልኩህ። በሚቀጥለው እሑድም ፀበል፣ በሦስተኛውም ፀበል። «ምን ዓይነት ፀበል ነው ስልክ የማያስገባው?» ብለህ ጮኽክብኝ። ከዚያ ድምፅህ ተሰበረ። ሞታለች፣ ደብቃችሁኛል፣ እንግዲያው እኔም ምን እሠራለሁ፣ ይህን ስፌት በገዛ እጄ ነው የምተረትረው አልክ። ታስታውሳለህ? ያን ጊዜ፣ በሞቴ ሳላስበው፣ ያቺን ሁለት ጊዜ ከረር የምትል ሳሏን ሳልኩና «አንተ! እንደጠፋ ጠቦት ምን ያስጮህሃል?» አልኩህ። «እቴቴ?» አልክ። «ታዲያ ማን መሰለህ!» አልኩ። ስልኩን ዘጋሁት፤ አንተ በሕይወት አለህ፣ ለዚያ ቀን ይኸው በቃኝ።

እሷን ማስመሰል የልጅነት ሥራዬ እንደነበር መቼም አልረሳኸውም። ነጠላዋን ተከናንቤ «እመቤቴ ማርያም፣ ይህን የማይረባ ጉልበት አንሺልኝ!» እያልኩ ከበርጩማ ስነሣ አንተ መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። እሷም ከጓዳ «አፍሽ ይጣመም አንቺ!» ትልና ራሷ ትስቃለች። ለዚህ ቀን የምማረው አልመሰለኝም ነበር።

አሁን ስለ እሷ ልጻፍልህ። ለቅሶ ቤት ስለ ሟች ይወራል፤ አንተ ዘንድ የተቀመጡት ግን አንዳቸውም አያውቋትም። ወይዘሮ ሸዋዬ ሲባል ሰምተው ይሆናል እንጂ።

በአሥራ አምስት ዓመቷ ነው ከመንዝ የመጣችው። አባባ በመንግሥት እርሻ ትራክተር ይነዳ ነበር፤ አግብቶ አምጥቶ ቱላ ዳር አንዲት ጎጆ ውስጥ አስቀመጣት። የማታውቀው ሙቀት፣ የማታውቀው ቋንቋ። የጎረቤታችን የእነ ሙህዲን አያት አዲስ ልጅ ገባች ብለው ቆጮ ይዘውላት ቢመጡ «እኛ አገር ኮባ ዳቦ መጠቅለያ ነው፣ እዚህ ጉድ ተክሉን ሰው ይበላዋል!» ብላ ሳቀችባቸው። ዓመት ሳይሞላ ግን እኚያው ሴትዮ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ጣውላውን አጋድመው፣ የእንሰቱን ግንድ በቀርከሃ መፋቂያ እንዴት እንደሚፋቅ፣ ጉድጓዱ እንዴት ቅጠል እንደሚነጠፍበት፣ መቼ እንደሚገለበጥ አስተማሯት። እሷም በኋላ ሰፈሩን ሁሉ አስናቀች። ሲዳሚኛዋን ግን የመንዝ ሰው እንደሚናገረው ስለምትናገረው የእነ ሙህዲን አያት እስኪሞቱ ድረስ ሲስቁባት ኖሩ።

እናታችን ስትሞት እኔ አምስት፣ አንተ ሁለት ዓመትህ ነበር። ልጇን ቀብራ ብዙም ሳትቆይ አንተን አዝላ ጓሮ ወርዳ ትፍቅ ነበር፤ ይህን እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። ዕንባዋ በአፍንጫዋ እየወረደ፣ እጇ ግን አያቆምም። «እነዚህ ልጆች ምን ይበላሉ?» ነው የምትለው ሰው ሁሉ ሲቆጣት። አባታችን እንደሆነ ለሥራ ወጣ ከተባለ ወዲህ አልተመለሰም፤ እሷ አንዴም ስሙን በክፉ አላነሣችብንም። አንድ አንድ ዩኒፎርም ብቻ ነበረን። ከትምህርት ቤት ስንገባ አስወልቃ ታጥባለች፣ ጠዋት ካልደረቀ በሰውነቷ ሙቀት ታደርቀዋለች። ነጠላዋ ውስጥ ሸጉጣው ስትሠራ ትዝ ይልሃል? «እንቁላል ታቀፍሽ እንዴ እቴቴ?» ስትላት በማማሰያ ታባርርሃለች።

ከእኛ ጋር ተቀምጣ በልታ አታውቅም። ስሠራ ቀምሼ ጠግቤአለሁ ትላለች። እኔ ራሴ ቤት ማስተዳደር ስጀምር ነው ቀምሶ መጥገብ የሚባል ነገር እንደሌለ የገባኝ። የጓሮው እንሰት ሁሉ ለአንድ ነገር ታስቦ ነበር የተተከለው። ያ የፌቨን ምረቃ ነው፣ እነዚያ ሁለቱ የበረከት ሠርግ ናቸው፣ በአጥሩ ጥግ ያሉት ሕፃናቱ የልጆቹ ልጆች ናቸው ትላለች። ተክሉ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ እያወቀች እኮ ነው። የእኔን ምረቃ በላነው። ሌላው አልደረሰም።

የመሬቱን ነገር እዚህ ላይ ልጻፈው፣ ባልጽፈው ደስ ይለኝ ነበር። እናንተን ደላላ አታሎ መሬቱን አስሸጣችሁ ሲባል ሰማሁ፣ እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ገና መቀጠሬ ነበር፣ ሥራ ጥዬ ስደርስ ቆርቆሮ አጥሩ ቆሟል። ያልደረሰውን እንሰት ሁሉ እንደ ሣር አጭደው አንድ ጥግ ከምረውታል። እሷ ከውጭ ቆማ ታያለች። አላለቀሰችም፣ አልተራገመችም። «ነይ እንሂድ» አለችኝ፣ አንድ መፋቂያዋን ብቻ በነጠላ ጠቅልላ ይዛ። አንተ በወሩ የመንገዱን ገንዘብ ጓደኞች አዋጥተውልኝ ነው ብለህ ካገር ወጣህ። አልጠረጠርኩም አልልህም። ጠርጥሬ ተውኩት፤ ያለኸኝ አንድ ወንድም አንተ ነህ።

ታቦር ሁለት ክፍል ቤቴ ውስጥ ሦስት ዓመት ኖረች። አከራዬ ግቢው አይቆፈርም አሉ፣ ጭስ አይጨስም አሉ፣ ዶሮ አይገባም አሉ። እኔ ያጠብኩትን ሰሃን መልሳ ታጥበዋለች። የጠረግሁትን መልሳ ትጠርጋለች። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ታያቸዋለች። «ምነው እቴቴ?» ስላት «እጄን ምን ላድርገው?» ትለኛለች። ምን ልበላት? ቴሌቪዥን ገዛሁላት፤ ዜና አንባቢውን እህል ቀምሰሃል ወይ እያለች ትጠይቀዋለች፣ እሱም ሲሰለቻት ታጠፋዋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ስታቆም የኖረች ሴት ቤት ስታጣ ምን እንደምትመስል አይቻለሁ፤ እንድታየው አልመኝልህም።

እሑድ ግን ሌላ ሰው ናት። ታጥባ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ የክት ነጠላዋን ለብሳ ስልኩ ፊት ትቀመጣለች። አንተ ትደውላለህ። ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ፣ ብርድ ነው፣ ሥራ ጥሩ ነው፣ ኔትወርክ አስቸገረኝ፣ ቻው። አምስት ደቂቃ አይሞላም። ስልኩን ትመልስልኝና «ዛሬም አላለኝም» ትላለች። ምኑን ነው ያላለሽ ስላት «ተዪው» ትላለች። እኔ የምትመጣበትን ቀን እንድትነግራት የምትጠብቅ መስሎኝ «በሥራ ተወጥሮ ነው፣ ይላል» እያልኩ አጽናናት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አንተ ልጅ። እሑድ አምልጧት አያውቅም።

መጨረሻው ሳምንት ላይ፣ እህሉን ሙሉ በሙሉ ስትተው፣ አጥብቄ ጠየቅኋት። «እቴቴ፣ በረከት ምን እንዲልሽ ነው የምትጠብቂው? ንገሪኝና ልንገረው» አልኳት። «እሱ ያውቀዋል» አለች። «ካላለሽስ?» አልኳት። «ሳይጠይቁኝ ምኑን እሰጣለሁ፣ ልጄ? ይጠይቀኝ እንጂ፣ እኔማ…» ብላ ሳሉ ያዛት፣ ውሃ አመጣሁላት፣ ጠጣችና ተኛች። ያቺን ዓረፍተ ነገር አልጨረሰችውም። እኔም አላስጨረስኳትም፣ ደክሟት ነበር። ማክሰኞ ሥራ ገባሁ፤ የተመራቂዎች ወረፋ እስከ ደረጃው ድረስ ነበር። ለአንድ ተማሪ ትራንስክሪፕት እያተምኩ ሳለሁ አከራዬ ደወሉ። ባጃጁ ውስጥ ቶሎ በል እያልኩ ሹፌሩን ልጅ አሳብጄዋለሁ። ስደርስ ፊቷን ሸፍነዋት ነበር። ስትሄድ ያገሯም፣ የወገኗም ሰው አጠገቧ አልነበረም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን በማንም አላሳብብም።

እንግዲህ ሐምሌ መጣ። ያን እሑድ ስትደውል ድምፅህ ሌላ ነበር። «እቴቴ፣ ፌቨን አጠገብሽ ናት?» አልክ። የለችም፣ ቤተ ክርስቲያን ናት አልኩህ በእሷ ድምፅ። ያኔ ዘረገፍከው። ለመብራት ቆጣሪ ነው ብለህ ጽሕፈት ቤት እንደወሰድካት። ወረቀቱ የመሬቱ ሽያጭ እንደነበር እያወቅህ። ጣቷ በመፋቅ ብዛት ልሙጥ ሆኖ አሻራው አልታይ ሲል፣ ጸሐፊው ይደገም ሲል፣ አውራ ጣቷን በእጅህ ይዘህ ሦስት ጊዜ የጫንከው አንተ መሆንህን። በሦስተኛው ቀና ብላ እንዳየችህ። «አውቀሽ ነበር አይደል? አውቀሽ ነው የፈረምሽው?» አልክ። «ይቅር በይኝ እቴቴ፣ በሞትኩት፣ ይቅር በይኝ!»

ስማኝ በረከት። እኔ ይህን የሰማሁት ያን ሰዓት ነው። የመጀመሪያዬ ነው። እቴቴ ሦስት ዓመት እያወቀች፣ አንድ አልጋ ላይ አብረን እየተኛን፣ ለእኔ አልነገረችኝም። አንተን እንዳልጠላህ ብላ ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? «ዛሬም አላለኝም» ያለችው ሁሉ ያን ጊዜ ባንድ ላይ ጆሮዬ ላይ መጣ። ተነሥቼ ልጮህብህ አልኩ። አንተ ውሻ፣ ስድስት ሳምንት ዘገየህ ልልህ አልኩ። አንተ ግን ታለቅሳለህ፣ ስፌትህ ገና አልጠገገም፣ ባለፈው ያልከኝ ጆሮዬ ላይ አለ። ሳልኩ። ሁለት ጊዜ። «ይቅር ብዬሃለሁ ልጄ። ከሆዴ አውጥቼዋለሁ። እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ» አልኩህ። አንተ ዛሬ ተወለድኩ ብለህ ጮህክ። እኔ ስልኩን ዘግቼ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አፌን ተጉመጠመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም። አንተ በየእሑዱ እየሳቅህ ትደውላለህ፣ እንቅልፍ ይወስደኝ ጀመር ትላለህ፣ ከፍተኛ ውለታ እየዋልኩ መሰለኝ። ይኸውልህ ደግሞ የማፍርበትን ልንገርህ። ወደድኩት። የክት ነጠላዋን ለብሼ፣ እሷ በምትቀመጥበት ተቀምጬ ነበር የማናግርህ። በእሷ አፍ ስቆጣ፣ በእሷ አፍ ስመርቅ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል። አንድ ቀን «ፌቨን ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር፣ እንደ እሷ ያለ ልጅ ማን ወለደ» አልኩህ፣ ታስታውሳለህ? እቴቴ እንዲህ ያለ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። ትወደኝ ነበር፣ እሱን አውቃለሁ፣ ግን ሙገሳ ከአፏ አይወጣም። የናፈቀኝን ራሴ ለራሴ ተናገርኩት። አንተም «አዎ፣ ጎበዝ ናት» ብለህ ወደ ሌላ ወሬ አለፍክ።

ጥር መግቢያ ላይ ጋሽ ወንድሙ ከቅዳሴ ሲመለሱ ሊጠይቁኝ ጎራ አሉ። በሩ ገርበብ ብሏል። አሁን እሳቸው የሰሙትን አስበው፤ የቀበሯት ሴት ውስጥ ሆና «ኮፍያህን ሳታደርግ እንዳትወጣ!» ትላለች። መቋሚያቸው ከእጃቸው ወደቀ። ግድግዳውን ይዘው ቆመው በስመ አብ፣ በስመ አብ ይላሉ። ስልኩን ጥዬ ደግፌ አስገባኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው፣ የይቅርታውንም ጭምር። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እሳቸው ግን አልተቆጡም። ከዚያ «መርዶ ብንደብቅ ወጋችን ነው፣ እኔም አለሁበት። ይቅርታውን ግን የማን ብለሽ ነው የሰጠሽው? እሷ አልሰጠችም፣ አንቺ አልተጠየቅሽም» አሉኝ።

እንዲያም ሆኖ ሦስት ሳምንት ያህል አመነታሁ። ባለፈው እሑድ ነው የቆረጥኩት፣ አንተው ነህ ያስቆረጥከኝ። «እቴቴ፣ የመኖሪያ ወረቀቴን ጥዬም ቢሆን ለፋሲካ እመጣለሁ። እግርሽን ስሜ በዓይንሽ ይቅር ስትዪኝ ማየት አለብኝ» አልክ። ወረቀትህን ጥለህ ከወጣህ ተመልሰህ እንደማትገባ አውቃለሁ። ያን ሁሉ መጥተህ የምታገኘው አንድ መቃብርና ቱላ ላይ አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። በማግስቱ ምንያህል ወደዚያ ሊመለስ መሆኑን ሰማሁ፣ ሄጄ ያዝኩት።

ሰው ሁሉ አንድ ነገር ጻፊለት ይለኛል። እሷ ድሮ ይቅር ብላው ነበር በይው፣ የእናት አንጀት ነው፣ ልጁ ይረፍበት ይሉኛል። ጋሽ ወንድሙም መጨረሻ ላይ ልባቸው ራርቶ እንዲሁ አሉ። አልጽፍም። ስምንት ወር ዋሽቼሃለሁ፣ ይበቃኛል። «እኔማ» ካለች በኋላ ምን ልትል እንደነበር አላውቅም። ይቅር እለዋለሁ ልትል ይሆናል፤ እንደማውቃት እንደዚያ ይመስለኛል። እኔማ አልችልም ልትልም ይችላል፤ በሦስተኛው ቀና ብላ ስታይህ ዓይኗ ውስጥ ምን እንዳየህ የምታውቀው አንተ ነህ። ብቻ ለእሷ ሳትደርስ ቀርተሃል። ሐምሌ ላይ የሰጠሁህን መልሼ እወስደዋለሁ፣ ለመስጠት የእኔ አልነበረም። እንዳይከፋህ አልልህም፤ ይከፋሃል።

አትምጣ። ለሙት ዓመቷ እኔ የምችለውን አደርጋለሁ፣ ስምህንም ከስሜ ጋር ለካህኑ እሰጣለሁ። አንተ እዚያው ካሉት ልጆች አትለይ፣ ያ ክፍል ውስጥ ለብቻህ አትደር። ምንያህልን ከመርዶህ አርባ ቀን እስኪወጣ በየቀኑ ደውልለት ብዬዋለሁ፣ አንሣለት። ያ ስፌት ላይ እጅህን እንዳታሳርፍ፤ ስለ እሷ ነፍስ ብዬ እለምንሃለሁ።

ደብዳቤ በምርቃት ነው የሚዘጋው። የእቴቴ ምርቃት ከነዜማው በቃሌ አለ፣ ግን አልጽፈውም፣ ከእንግዲህ የእሷን ቃል በአፌም በእጄም አልነካም። የራሴ ምርቃት አጭር ነው፣ አልለመድኩትም። ቁስልህ ይሽር። እህል አፍህ ይግባ። ከክፉ ይሰውርህ። አሜን በል።

አንድ ነገር ቀረኝ። በእነዚያ እሑዶች ሁሉ፣ ብቻህን ከእሷ ጋር የምታወራ መስሎህ የሆድህን ሁሉ ስትዘረግፍ፣ አንድም ቀን ፌቨንንም በድያታለሁ አላልክም። ያ ጓሮ ያሳደገው እኔንም ነበር። ያቺን ሴት አልጋ ጫፍ ላይ እጇን ስታይ ሦስት ዓመት ያየኋት እኔ ነኝ፣ ያጠብኳት እኔ ነኝ፣ የቀበርኳት እኔ ነኝ። ብትጠይቀኝ ምን እንደምመልስልህ ዛሬ አላውቅም፤ እውነቱን ንገሪኝ ካልክ፣ እሺ የምል አይመስለኝም። ግን እኔ አልሞትኩም።

እህትህ ፌቨን